መጀመሪያ የሚወርድበትን ቦታ እዩ

ውድ ልጆቼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ብዙ ጊዜ ለማይተዋወቁ ሁለት ዓይነት ወጣቶች ነው። አንደኞቻችሁ በሎጂስቲክስ፣ በአቅርቦት ወይም በትራንስፖርት ሙያ ተመርቃችሁ በአስመጪ ድርጅት፣ በፋብሪካ፣ በመድኃኒት መጋዘን ወይም በጭነት ማኅበር ውስጥ የምትሠሩ ናችሁ። ሁለተኞቻችሁ ደግሞ ጎርፍ ወይም ድርቅ በተሰማ ቁጥር አላስችል ብሏችሁ ጓደኞቻችሁን የምታስተባብሩ፣ በየሰፈሩ ልብስና ዱቄት የምትሰበስቡ ናችሁ። እኔ 35 ዓመት በእህል መጋዘንና በጭነት መኪና መካከል ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በእነዚያ ዓመታት በአደጋ ጊዜ ደግነት ሲጎድል አላየሁም፤ ቆጥሮ የሚጭን፣ ቆጥሮ የሚያወርድና ቆጥሮ የሚያስረክብ ሰው ሲጎድል ግን ደጋግሜ አይቻለሁ። ሁለታችሁን ባገናኝ ደስ የሚለኝም ስለዚህ ነው።

ሥራ የጀመርኩት በ1977 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ውስጥ በመጋዘን ጸሐፊነት ነው። በዚያን ጊዜ ከውጭ የሚመጣው የእርዳታ እህል በአብዛኛው አሰብ ወደብ ላይ ይራገፍና በሚሌና በባቲ በኩል ከቆላው ተነሥቶ ዳገቱን እየወጣ እኛ ዘንድ ይደርስ ነበር። የዓለም ዓይን ረሃብ በጠናባት በቆረም ላይ ነበር። ካሜራው እዚያ ሜዳ ላይ የወደቀውን ሕዝብ ካሳየ በኋላ የእንግሊዝ ሄርኩሊስና የምዕራብ ጀርመን ትራንዛል አውሮፕላኖች መጥተው መኪና በማይደርስባቸው ተራሮች ላይ እህል ከአየር ይጥሉ ጀመር። እኔም እንደ እኩዮቼ ዓይኔ ሰማይ ሰማይ ያይ ነበር፤ ቢን ካርድ በሚባለው የመጋዘን መቆጣጠሪያ ካርድ ላይ ገቢና ወጪ መሙላት የሰነፍ ሰው ሥራ መስሎ ይታየኝ ነበር። አንድ ሄርኩሊስ ቢበዛ 20 ቶን ያህል እንደሚጭን፣ ከግቢያችን የሚወጣው ባለ ተሳቢ መኪና ግን ያን ያህሉን በየቀኑ ያለ ጭብጨባ ይዞ እንደሚሄድ ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው። መንገድ ለሌለው ቦታ አውሮፕላን ወደር የለውም። የቀረውን የተሸከሙት ግን ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ ጫኝና አውራጁ፣ እንዲሁም ጆንያውን እየቆጠረ የሚጽፈው ልጅ ነበሩ።

አሁን ጥፋቴን ልንገራችሁ፤ ከሠራሁት መልካም ነገር ይልቅ ያስተማረኝ እርሱ ነውና። ከዓመታት በኋላ የስምሪት ኃላፊ ሆኜ ሳለሁ በአንድ ክረምት ለአንድ ቆላማ ወረዳ እህል እንድልክ ታዘዝኩ። የተረጂው ቁጥር 20,000 ነበር። በአገራችን ለረጅም ጊዜ የተሠራበት የወር ራሽን ለአንድ ሰው 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ የምግብ ዘይት ስለሆነ ሂሳቡ ራስ የሚያዞር አይደለም፤ 3,000 ኩንታል ስንዴ፣ 300 ኩንታል ክክ፣ 90 ኩንታል ዘይት። 400 ኩንታል የሚጭኑ ዘጠኝ ባለ ተሳቢ መኪኖች ቢሰማሩ ይበቃሉ። ዘጠኙንም በአንድ ቀን አስጭኜ፣ ሰነዱን ፈርሜ፣ ተከታትለው ከግቢ ሲወጡ በረንዳ ላይ ቆሜ በኩራት አየኋቸው። በሦስተኛው ቀን ስልክ ተደወለልኝ። የወረዳው ከተማ 18 ኪሎ ሜትር ሲቀረው የምትገኘው ድልድይ አንዱ እግሯ በጎርፍ ተሸርሽሮ ኖሮ፣ እንኳን 40 ቶን ግማሹንም የምትችል አልነበረችም። መኪኖቹ አራት ቀን ቆሙ። ሸራቸው ባረጀ ሁለቱ ላይ ዝናብ ገብቶ ከላይ ያለው ድርድር ረጠበ። ሹፌሮቹም የያዙት አበል አለቀባቸው። በመጨረሻ 50 ኩንታል የሚጭኑ አይሱዙዎች ከየቦታው ተለምነው እህሉ ከመኪና ወደ መኪና እየተገለበጠ ይሻገር ጀመር፤ 3,390 ኩንታል በዚህ መንገድ 68 ምልልስ ማለት ነው። አንድ ጊዜ የሚወርደው እህል ሁለት ጊዜ ስለወረደ የተቀደደው ጆንያም እጥፍ ሆነ።

እኔም ስፍራው ድረስ ሄድኩ። ከድልድዩ ወዲህ ላስቲክ ወጥራ ሻይ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ብርጭቆውን እያጠበች ቀና ብላ ሳታየኝ፣ «ይቺ ድልድይ ከሰኔ ጀምሮ ታማለች፤ አይሱዙ እንኳ ሰው አውርዶ ነው የሚሻገራት። ብትጠይቁን እኮ እንነግራችሁ ነበር» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ካርታ ነበረኝ፣ የመንገድ ርቀት ነበረኝ፣ የመኪኖቹ ሰሌዳ ቁጥር ሳይቀር ነበረኝ፤ እዚያ መንገድ ዳር የሚኖር አንድ ሰው ግን ስልክ ደውዬ አላነጋገርኩም።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ስምሪት ከታች ወደ ላይ ነው የማቅደው። ተረጂዋ ሴት ራሽኗን ተቀብላ ወደ ቤቷ የምትሄድበትን መንገድ መጀመሪያ አስባለሁ። አምስት ነፍስ ያላት እናት የሚደርሳት እህል ብቻ 75 ኪሎ ነው፤ ያንን በጀርባዋ አዝላ ሦስት ሰዓት እንደማትሄድ የታወቀ ስለሆነ አህያ ትከራያለች፣ ለኪራዩም ከእህሉ ትሰፍራለች። ስለዚህ የማከፋፈያ ጣቢያውን አንድ ቀበሌ ወደ ውስጥ ማስገባት ለእርሷ ራሽን የመጨመር ያህል ነው። ከዚያ ወደ ማከፋፈያው እመጣለሁ፤ እህሉ ቢያድር የሚያድርበት ጣሪያ ያለው ቤት አለ ወይ፣ ቁልፉ በማን እጅ ነው፣ 800 ጆንያ የሚያወርዱ ሰዎች በዚያ ቀን ይገኛሉ ወይስ ገበያ ነው፣ ፈርሞ የሚረከበው ማን ነው፣ እርሱ ቢታመም የሚተካውስ? ከዚያ ወደ መንገዱ፣ በመጨረሻም ወደ መኪናው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህን የፍላጎት ትንበያ፣ የመዳረሻ ስርጭት እያላችሁ ትማሩት ይሆናል፤ ስሙ የቱም ቢሆን በስልክ ሊጠየቅ የሚችል ነገር ነው። ከወረዳው ባለሥልጣን ሌላ ሁለት ሰው ጠይቁ፤ አንዱ በዚያ መንገድ የሚመላለስ ሹፌር፣ ሌላው መንገድ ዳር ተቀምጦ የሚሸጥ ሰው ይሁን።

እርግጥ ነው ማነቆው ሁልጊዜ ታች አይደለም። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር አሰብ ተዘጋብንና የአገሪቱ ጭነት በሙሉ ማለት ይቻላል ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ፤ እኛም የለመድነውን መስመር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ረስተን ሌላ መልመድ ነበረብን። በ2008 ዓ.ም. ኤልኒኞ ባስከተለው ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ ሲያስፈልገው ስንዴው ባሕሩን ተሻግሮ መጥቶ ጅቡቲ ላይ ወረፋ ያዘ፤ ለመጪው ዘር የሚያስፈልገው ማዳበሪያም በዚያው ወቅት ደርሶ ስለነበር ሁለቱ በአንድ ወደብና በአንድ ዓይነት መኪና ተሻሙ። ማዳበሪያውን አስቀድመህ ሰው ይራባል፣ ስንዴውን አስቀድመህ የሚመጣው ዓመት ይራባል። እንዲህ ያለውን ምርጫ የሚያቀልለው ቀድሞ የተቀመጠ እህል ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው የመጠባበቂያ እህል ክምችት በጣም ብልህ አሠራር ነበረው፤ እንደ አዳማ፣ ኮምቦልቻ፣ ድሬዳዋና ሻሸመኔ ባሉ ቦታዎች እህል ይቀመጣል፣ እርዳታው ቃል ተገብቶለት መርከቡ ገና ያልደረሰለት ድርጅት ከዚያ ይበደራል፣ መርከቡ ሲመጣ ይመልሳል። ተበዳሪው እስከመለሰ ድረስ የሦስትና የአራት ወር የባሕር ጉዞ በአንድ ፊርማ ይታለፋል። ሙያው ውስጥ ያላችሁ ልጆች ይህን አሠራር አጥኑት፤ በሰፈር ደረጃም ይሠራል።

አሁን ስለ ሙያችሁ ልናገር። ብዙዎቻችሁ ለመርዳት ስታስቡ ኪሳችሁን ወይም ቁም ሣጥናችሁን ነው የምትመለከቱት። በየቀኑ ቢሮ የምትሠሩት ሥራ ለአደጋ ጊዜ ከሁለቱም ይልቅ ውድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው ከባድ አውሎ ነፋስ ደቡባዊ አሜሪካን ሲመታ በአቅርቦት ሥራ ላይ የነበሩ የዚያ አገር ባለሙያዎች ይህንኑ ተረድተው የአሜሪካ የሎጂስቲክስ እርዳታ መረብ የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ ራሱ ትልቅ መጋዘን ወይም የመኪና ጦር ይዞ አይደለም የሚሠራው፤ ለሁለት ሳምንት ባዶ የሚሆን መጋዘን ያለውን ድርጅት፣ ግማሽ ጭነት ይዞ የሚሄድ መኪና ያለውን፣ ፎርክሊፍት የሚባለውን የዕቃ ማንሻ መኪና ከነነጂው ሊያውስ የሚችለውን፣ ዕቃ ይዞ መንገድ ካጣው የበጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ያገናኛል። በዓለም አቀፍ ደረጃም እንደ መርስክ፣ ዩፒኤስና አጂሊቲ ያሉ ተፎካካሪ የጭነት ኩባንያዎች አንድ ላይ ሆነው፣ በዓለም የምግብ ፕሮግራም ለሚመራው የእርዳታ ድርጅቶች የሎጂስቲክስ ስብስብ በአደጋ ጊዜ ባለሙያና መኪና ማዋስ ጀመሩ።

ለእኛ አገር ይህ ሐሳብ ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። ኢትዮጵያ ወደ ውጭ ከምትልከው ይልቅ የምታስገባው ጭነት እጅግ ስለሚበልጥ ከጅቡቲ ሞልቶ የመጣ መኪና አዲስ አበባ አራግፎ ወደ ወደብ ሲመለስ ብዙ ጊዜ ባዶውን ነው። ያ ባዶ መኪና የሚያልፈው ደግሞ ድርቅና ጎርፍ በሚደጋገምበት በአፋር ወይም በሶማሌ ክልል በኩል ነው። እናንተ የስምሪት ክፍል ውስጥ የምትሠሩት ልጆች የትኛው መኪና ነገ ባዶውን እንደሚመለስ፣ የትኛው ሹፌር ሚሌ ላይ አንድ ሰዓት ቆሞ 50 ኩንታል ለማውረድ ፈቃደኛ እንደሚሆን ታውቃላችሁ። በጎ ፈቃደኞቹ ግን ይህን አያውቁም፤ ስለዚህም ከሰበሰቡት ገንዘብ ብዙውን ለመኪና ኪራይ ሲከፍሉ አይቻለሁ። አሠሪያችሁን አስፈቅዳችሁ አንድ የስልክ ጥሪ ብታደርጉላቸው ከደመወዛችሁ ከምታዋጡት ይበልጣል።

ወደ እናንተ ወደ በጎ ፈቃደኞቹ ስመለስ ከሁሉ አስቀድሜ የምለምናችሁ ነገር አለ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በተባለው ቦታ የደረሰውን የመሬት ናዳ ታስታውሳላችሁ። ከ200 በላይ ሰው ነው ያለቀው። ከእነርሱም ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት በአካፋና በእጃቸው ሲቆፍሩ በሁለተኛው ናዳ የተቀበሩ ጎረቤቶች ነበሩ። እነዚያን ሰዎች የሚወቅስ አንደበት የለኝም፤ ወንድሙ ከአፈር ሥር እያለ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው የለም። ከሩቅ ለምትሄዱት ለእናንተ ግን ግዴታው ሌላ ነው። ኃላፊነት ያለው አካል ሳይፈቅድ ወደ አደጋው ቦታ አትግቡ፤ የእናንተ ስፍራ ብዙ ጊዜ 30 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ፣ መጋዘኑ ውስጥ ነው። እዚያ ፎቶ የሚያነሣችሁ አይኖርም።

በጎ ፈቃደኛን ማሰማራትም ራሱን የቻለ ሎጂስቲክስ ነው። 60 ወጣት በአንድ ጠዋት ቢመጣና ምን እንደሚሠራ የሚነግረው ባይኖር እስከ ቀትር ድረስ ግማሹ መንገድ ይዘጋል፣ ግማሹ ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል። ስማቸውን መዝግቡ፤ ማን ምን እንደሚችል ጠይቁ፤ መንጃ ፈቃድ ያለውን፣ የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገረውን፣ ኮምፒዩተር የሚችለውን፣ ወገቡን የሚያመውን ለዩ። በፈረቃ መድቧቸው፤ ውኃቸውን፣ ምሳቸውን፣ የእጅ ጓንታቸውን ከመምጣታቸው በፊት አዘጋጁ። ለተፈናቀለ ሰው የመጣውን ብስኩት የራበው በጎ ፈቃደኛ ሲከፍተው ካየሁ በኋላ የመጀመሪያ ግዢዬ ዳቦና ሙዝ ሆነ። ልጁ ሌባ አልነበረም፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ የሚበላ ያላሰበለት እኔ ነበርኩ።

ይህን ሁሉ እንደ አዲስ ነገር የምትቆጥሩት ከሆነ ግን እድራችሁን በደንብ አላያችሁትም ማለት ነው። በእኔ ግምት በአገራችን ካሉት የሎጂስቲክስ ድርጅቶች ሁሉ ፈጣኑ እድር ነው። ሰው ሌሊት ያርፋል፤ ጥሩምባ ነፊው ጎሕ ሳይቀድ ሰፈሩን ያዳርሳል፤ ጠዋት ድንኳኑ ተተክሏል፣ አግዳሚው ተደርድሯል፣ ድስቱና ብረት ምጣዱ ከዕቃ ያዡ ዘንድ በቁጥር ወጥቷል፣ ማን ቀብር ላይ ማን ማዕድ ቤት እንደሚሆን ተነግሮ አልቋል። ከሦስት ቀን በኋላ ያ ሁሉ ዕቃ በቁጥር ይመለሳል፤ አንድ ብርጭቆ ብትሰበር የሰበረው ይተካል፣ ሳይመጣ የቀረም ይቀጣል። ዝርዝር አለ፣ ርክክብ አለ፣ ተጠያቂነት አለ፣ ተተኪ አለ። የምዕራቡ መጽሐፍ ከዚህ የተለየ ብዙ የሚያስተምራችሁ የለም። በጎርፍ ጊዜ ሰፈር ለማስተባበር የፈለገ ወጣት አዲስ ኮሚቴ ከማቋቋሙ በፊት የእድሩን ዳኛና ዕቃ ያዥ ሄዶ ያነጋግር፤ የቤተሰቡን ብዛት፣ የታመመውን፣ የደከመችውን አሮጊት ቤት እነርሱ በቃላቸው ያውቁታል።

ስለምትሰበስቡት ነገር ደግሞ ሳልሸሽግ ልናገር፤ ቅር የሚሰኝ ቢኖር ይቅር ይበለኝ። አንድ ጊዜ ጎርፍ ባፈናቀለው ሕዝብ መካከል በቆምኩበት ግቢ ውስጥ የተከመረ ልብስ ነበር። ከላዩ ላይ አንድ ባለ ረጅም ተረከዝ ነጭ ጫማ ተቀምጦ ነበር፤ አንዱ ብቻ፣ ጓደኛው የለም። ያንን ክምር ለመለየት ስምንት ሰው አምስት ቀን ፈጀበት፤ በእነዚያ አምስት ቀናት ከበር የቆመው የውኃ ጀሪካን የጫነ መኪና የሚያወርድለት ሰው አጥቶ ነበር። ለመጠጥ፣ ለምግብ ማብሰያና ለንጽሕና ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ውኃ ያስፈልጋል የሚለው ዓለም አቀፍ መመዘኛ በዓይኔ ላይ ይመላለስ ነበር። ስለዚህ ከመሰብሰባችሁ በፊት ጠይቁ፤ ከጠየቃችሁም በኋላ በአንድ ዓይነት ዕቃ ላይ አተኩሩ። አንድ ሰፈር ብርድ ልብስ ብቻ፣ ሌላው ጀሪካን ብቻ፣ ሦስተኛው ሳሙናና የንጽሕና መጠበቂያ ብቻ ቢሰበስብ መለየት የሚባል ሥራ ይቀራል። በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በዱባይ ያላችሁ ወገኖቻችንም ኮንቴነር ከምትሞሉ ገንዘቡን ላኩልን፤ የመርከቡ ኪራይና የጉምሩኩ ደጅ ጥናት ለብርድ ልብሱ ከከፈላችሁት ይበልጣል። መድኃኒት የምትልኩ ከሆነ ደግሞ አገር ውስጥ ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት የአገልግሎት ጊዜ የቀረው ይሁን፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ይህንኑ ይላል። ጊዜው ያለፈበትን ማስወገድ ከማስገባት ይከብዳል።

ከሁሉ የምወደው ግን መጋዘኑ ስለሆነ እርሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። በክረምት የሚገኘው ጊዜያዊ መጋዘን ብዙውን ጊዜ ተማሪ የሌለበት ትምህርት ቤት ነው። አንድ ዓመት የተረከብነው መማሪያ ክፍል ወለሉ እርጥበት ነበረው፤ ጆንያን ከወለል ከፍ የሚያደርገው ፓሌት የሚባለው ርብራብ ደግሞ አልነበረንም። ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዲት በሱፐርማርኬት ዕቃ ቆጣሪነት የምትሠራ ልጅ ዴስኮቹን ገልብጠን እንደ ፓሌት እንጠቀምባቸው አለችና፣ እያንዳንዱን ዴስክ ከመገልበጧ በፊት በጠመኔ ቁጥር ጽፋ በደብተሯ መዘገበችው። እህሉን የደረደርነው አምስት አምስት አድርገን ነው፤ ሦስት ጆንያ በቁመት፣ ሁለት ጆንያ በአግድም፣ ቀጣዩ ድርድር በተቃራኒው። እንዲህ ሲሆን ጆንያዎቹ እርስ በርስ ተያይዘው አይናዱም፤ ቆጣሪውም ድርድሩን በአምስት አብዝቶ ይጨርሳል። ባለ 50 ኪሎ ጆንያ ከሆነ 20 ድርድር 50 ኩንታል ነው፤ እኛ ግን ልምድ የሌላቸው ልጆች ስለነበሩብን ከ12 ድርድር አላሳለፍንም። ከግድግዳው አንድ ሰው የሚያልፍበት ያህል ራቁ፤ ነቀዝ መግባቱንም፣ ጣሪያ ማፍሰሱንም የምታዩት በዚያ ክፍተት ዞራችሁ ነው። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ለአልሚ ምግብና ለዘይት ግን ቀድሞ የሚበላሸው ቀድሞ ይውጣ በሉ። ነቀዝ ከተገኘ መድኃኒቱን የሚያኖረው የሠለጠነ ሰው ብቻ ነው። ፎስቶክሲን በሚባለው መርዛማ የነቀዝ መድኃኒት የታጠነ መጋዘን ውስጥ በድፍረት የገባ ሰው በሕይወት ላይወጣ ይችላል።

ወረቀቱን አትናቁት። በመንግሥት አሠራር የገባ ዕቃ በሞዴል 19፣ የወጣ በሞዴል 22 እንደሚመዘገብ ሁሉ እናንተም በተራ ደብተር ቢሆን ይህንኑ አድርጉ። 800 ጆንያ የጫነ መኪና 793 ቢያወርድ 793 ብላችሁ ጻፉ፤ ሹፌሩንም አስፈርሙ፤ የተቀደደውን፣ የረጠበውን፣ ከወለል የተጠረገውን ለየብቻ። በወጣትነቴ አንድ አለቃ «ሰባት ጆንያ ምን አላት፣ ሙሉ በልና አልፈው» ብሎኝ ሙሉ ብዬ ፈርሜ አውቃለሁ። ቆጠራ በመጣ ጊዜ ሰባቱ 200 ሆነው ተገኙ፤ ፊርማውም የእኔ ነበር። ሁለት ዓመት ያህል እንቅልፍ ያሳጣኝን ነገር እዚህ አላብራራም። ብቻ የጎደለን ጎደለ ብሎ የሚጽፍ ልጅ መጋዘን ውስጥ ካለ ሌባም ሐሜትም ብዙ አይጠጋም።

ማከፋፈሉ ላይ አንዲት ብልሃት ላውሳችሁ። ራሽኑ 15 ኪሎ፣ ጆንያው 50 ኪሎ ስለሆነ ለአንድ ሰው እየሰፈሩ መስጠት ቀኑን ይበላዋል። አሥር ነፍስ ግን በድምሩ 150 ኪሎ፣ ማለትም ልክ ሦስት ጆንያ ነው። ስለዚህ ቤተሰቦችን አሥር አሥር ነፍስ እንዲሆኑ አቧድኑ፤ አምስት አምስት ነፍስ ያላቸው ሁለት ቤተሰቦች ሦስት ጆንያ ይዘው ወደ ጥላው ፈቀቅ ይላሉ፣ ሰፋሪያቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ፣ በጣሳ ይካፈላሉ። በመዝጋቢና በተረጂ መካከል የሚነሣው ጭቅጭቅ በአብዛኛው በዚህ ይጠፋል። ነፍሰ ጡሮችና አቅመ ደካሞች ግን በሌላ ሰልፍ፣ በጠዋት። ገመዱን ዘርግታችሁ መግቢያና መውጫውን ለዩ፤ ዝርዝሩንም ከአንድ ቀን በፊት ሰው በሚሰበሰብበት ቦታ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ያልተመዘገበው በዚያኑ ዕለት ይሰማና ይጮሃል፣ ጩኸቱም በሰልፍ መካከል ከሚሆን በዋዜማው ቢሆን ይሻላል።

ያንን ትምህርት ቤት ያስረከብነው ጳጉሜን 3 ቀን ነበር። እህሉ አልቋል፣ ከወለሉ የተጠረገው አንድ ኩንታል ተኩል ያህል ተመዝኖ በወረዳው ፊት ተመዝግቧል፣ ባዶ ጆንያው ታስሯል፣ ሸራዎቹ ደርቀው ታጥፈዋል። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ክፍሎቹን እየዞሩ ዴስኮቹን ቆጠሩና ሁለት ይጎድላል አሉ። ክረምቱን ሁሉ ክፍላቸውን የሰጡን ሰው በመጨረሻው ቀን ቅር ሲላቸው በማየቴ ተጨነቅሁ። ልጅቷ ደብተሯን ገለጠች፤ 41 እና 42 ቁጥር ዴስኮች ነሐሴ 9 ቀን ለክትባት ወደ ጤና ኬላው ተወስደዋል፣ የተረከበው ሰው ስምና ፊርማ ከጎኑ አለ። ሁለት ልጆች ሄደው ተሸክመዋቸው መጡ፤ የጠመኔው ቁጥር አሁንም ይነበብ ነበር። ርእሰ መምህሩ በእጃቸው ጠረጉትና ቁልፉን ተቀበሉን።